ሠዓሊው ሬንዋርና የመገጣጠሚያ ብግነት

ፒየር ኦጉስት ሬንዋር በዓለም ዙሪያ ስማቸው ከሚታወቅ የፈረንሳይ ሠዓሊዎች አንዱ ነው። በሥዕሎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ይጨፍራሉ፣ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፤ ሕመም የሚባል ነገር አይታይባቸውም። ሠዓሊው ራሱ ግን የሕይወቱን የመጨረሻ 25 ዓመታት ያህል ያሳለፈው ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሚባል የመገጣጠሚያ ብግነት ጋር ነው። ጣቶቹ ተቆልምመው፣ ትከሻው ደርቆ፣ በመጨረሻም መራመድ ተስኖት እስኪሞት ድረስ ሥሏል።

በዚህ ጽሑፍ የሬንዋርን ሕይወት ከልጅነቱ እስከ ዕለተ ሞቱ እንከተላለን። በዚያው የመገጣጠሚያ ብግነት ምን ምን ዓይነት እንዳለው፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ፣ ያኔ ያልነበረ ዛሬ ግን ያለ ሕክምና ምን እንደሆነ እንመለከታለን። እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል ይህ ሕመም ካለባችሁ፣ ታሪኩ ከሐኪም ጋር ለምታደርጉት ውይይት ይረዳችኋል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ሬንዋር የካቲት 25 ቀን 1841 ሊሞዥ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናቱም በስፌት ሥራ የምትተዳደር ሴት ነበረች። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሄደ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ሬንዋር በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ገባ፤ ሥራውም በሸክላ ሳህኖችና ስኒዎች ላይ አበባና ሥዕል መሣል ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እንጀራው በጣቶቹ ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሳህን ላይ በማሽን ማተም ሲጀመር የእጅ ሥራው ቀረ። ሬንዋርም ማራገቢያና መጋረጃ እየሣለ ገንዘብ አጠራቀመ። በ1862 ፓሪስ ውስጥ ወደሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሻርል ግሌር በተባለው ሠዓሊ ዘንድ ሲማርም ከክሎድ ሞኔ፣ ከአልፍሬድ ሲስሌና ከፍሬደሪክ ባዚል ጋር ተዋወቀ። እነዚህ ወጣቶች ከቤት ወጥተው በብርሃን ውስጥ መሣል ጀመሩ። በ1874 ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ያሳዩት ዐውደ ርእይ ኢምፕሬሽኒስት ለተባለው የሥዕል ፈለግ መነሻ ሆነ።

በ1876 በሞንማርትር የነበረውን የሙላን ደ ላ ጋሌት የጭፈራ ቦታ ሣለ። በ1880 እና በ1881 ደግሞ በጀልባ ሽርሽር የወጡ ወዳጆቹ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስበው የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ሠራ። ኑሮው ቀስ በቀስ ተሻሻለ። አሊን ሻሪጎ የተባለችውን ሴት በ1890 አገባ፤ ፒየር፣ ዣንና ክሎድ የተባሉ ሦስት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። መካከለኛው ልጅ ዣን ሬንዋር ኋላ ከታላላቅ የፊልም ዳይሬክተሮች አንዱ ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች

ሬንዋር ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በ1892 አካባቢ፣ መገጣጠሚያዎቹን ማመም ጀመረው። ሕመሙ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይተወዋል። በ1896 በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር የሚገናኙባቸው አንጓዎች አብጠው ይታያሉ።

በ1897 ሚስቱ በተወለደችበት በኤሶዋ መንደር ከብስክሌት ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። በቤተሰቡ ትዝታ ውስጥ ሕመሙ ከዚህ ውድቀት ጋር ተያይዞ ይነገራል። ነገር ግን የአንጓዎቹ እብጠት ከውድቀቱ በፊት በፎቶግራፍ ላይ ታይቷል፤ ስለዚህ አደጋው ሕመሙን አላመጣውም።

ይህ ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰው ሲያመው ምክንያት ይፈልጋል። አንዱ ወድቄ ነው ይላል፣ ሌላው ብርድ መቶኝ ነው፣ ሌላው ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሜ ስለምሠራ ነው ይላል። ምክንያት ሲገኝ ደግሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይዘገያል። በመውደቅ የተጎዳ አንድ መገጣጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። በሁለቱም እጆች ላይ የሚታይ፣ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት ግን በብርድም በመውደቅም ሊገለጽ አይችልም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሕመሙ ምን ነበር? የመገጣጠሚያ ብግነት ዓይነቶች

አርትራይተስ ማለት የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው። ቃሉ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ከመቶ የሚበልጡ የተለያዩ ሕመሞች በዚህ ስም ሥር ይጠቃለላሉ። በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ሪህ ወይም ቁርጥማት እየተባሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ነገር ግን ሕክምናቸው ስለሚለያይ ዓይነቱን ማወቅ የግድ ነው።

በሬንዋር አገርም ችግሩ ተመሳሳይ ነበር። በ1800 ኦጉስተን ላንድሬ ቦቬ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ይህንን ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ሲገልጸው፣ እሱ ራሱ ያሰበው አንድ የሪህ ዓይነት ነው ብሎ ነበር። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚለውን ስም በ1859 ያወጣው አልፍሬድ ጋሮድ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ጋሮድ በሪህ ታማሚዎች ደም ውስጥ የዩሪክ አሲድ መብዛቱን ቀድሞ አሳይቶ ስለነበር፣ ሁለቱን በሽታዎች ለመለየት መንገድ ከፍቷል።

ለሬንዋር በሕይወት ሳለ ዛሬ ያሉት የደም ምርመራዎች አልተደረጉለትም። የዛሬ ሐኪሞች የሚፈርዱት ፎቶግራፎቹን፣ ደብዳቤዎቹንና የቅርብ ሰዎቹን ምስክርነት ተመልክተው ነው። የእሱን ሁኔታ ከዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ጋር እናስተያየው።

ኦስቲዮአርትራይተስ። ከሁሉም በላይ የተለመደው ይህ ነው። በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን፣ ካርቲሌጅ የሚባለው፣ እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቆየ ጉዳትና የቤተሰብ ዝርያ አስተዋጽኦ አላቸው። ጉልበትን፣ ዳሌን፣ የአውራ ጣትን ሥርና የጣቶችን ጫፍ አንጓ ያጠቃል። ሕመሙ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀንሳል። ጠዋት የሚሰማው መተሳሰር አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። የሬንዋር ግን የጣቶቹን ሥር፣ የእጁን አንጓና ትከሻውን ያጠቃ፣ በእብጠት የታጀበ ስለነበር ከዚህ ይለያል።

ሪህ (ጎውት)። በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ጠጣር ነገር ሲሠራ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በሌሊት በድንገት ይነሣል፤ በተለይ የእግር አውራ ጣት ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንሶላ እንኳ እንዲነካው አያስችልም። ከቀናት በኋላ ይለቃል፣ ቆይቶም ይመለሳል። ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት ስላለው በሚገባ ሊታከም ይችላል። የሬንዋር ሕመም በድንገት እየመጣ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ አልነበረም።

ከቆዳ ሕመም ጋር የሚመጣ ብግነት። ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች መገጣጠሚያቸው ይታመማል። በክርን፣ በጉልበትና በራስ ቅል ላይ የሚቀረፍ ነጭ ቆዳ፣ የተቦረቦረ ጥፍር፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ያበጠ ጣት ምልክቶቹ ናቸው።

የአከርካሪ ብግነት። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በፊት ይጀምራል። የታችኛውን ወገብ ያማል፤ ሌሊት ይቀሰቅሳል፤ ከሌሎች የወገብ ሕመሞች በተለየ ሁኔታ ሲያርፉ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይሻላል።

በተሕዋስያን የሚመጣ ብግነት። ባክቴሪያ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ያብጣል፣ ይግላል፣ ታማሚውም ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ አስቸኳይ ነው፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም አንዳንድ ጊዜ መገጣጠሚያንና አከርካሪን ያጠቃል፤ አመጣጡ ግን ቀስ ያለ ነው።

ሩማቲክ ፊቨር። ስሙ ከሩማቶይድ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያደባልቀዋል። ይህ በተለይ ልጆችንና ወጣቶችን ከጉሮሮ ቁስለት በኋላ የሚይዝ ነው። ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። መገጣጠሚያውን ሳያበላሽ ይለቃል፤ የልብን ቫልቭ ግን ሊጎዳ ይችላል። በኢትዮጵያ የልጆችና የወጣቶች ልብ ከሚጎዳባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ ልጅዎ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያውን ካመመው ሳይዘገዩ ያስመርምሩት።

ሩማቶይድ አርትራይተስ። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ተሳስቶ የመገጣጠሚያዎችን ውስጣዊ ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያም ካርቲሌጁን፣ አጥንቱንና በአጠገቡ ያሉትን ጅማቶች ይበላል። የጣቶችን ሥርና መካከለኛ አንጓዎች፣ የእጅ አንጓንና የእግር ጣቶችን ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራም በቀኝም በኩል ያጠቃል። ጠዋት የሚሰማው መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ድካምና መክሳት አብረውት ይመጣሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ ከመቶው 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው።

የሬንዋር እጆች፣ ትከሻና እግሮች፣ የሰውነቱ መክሳት፣ ከጀርባው ላይ የወጡት ጠጣር እባጮችና የሕመሙ እየከፋ መሄድ ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ይስማማሉ። በሽታው በሴቶች ላይ ቢበዛም ወንዶችን የማይነካ እንዳልሆነ የእሱ ታሪክ ያሳያል።

በሽታው ሲከፋ

ከ1903 ገደማ ጀምሮ ሕመሙ ፋታ አልሰጥ አለ። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ። ጣትን የሚዘረጉት አንዳንዶቹ ጅማቶች ተበጠሱ። ቀኝ ትከሻው ደርቆ እጁን ወደ ላይ ማንሣት አስቸገረው። ሰውነቱ በጣም ከሳ፤ በኋለኞቹ ዓመታት አጥንቱ ስለገጠጠ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እንኳ ሥቃይ ሆነበት። ከጀርባው ላይ የወጡትን እባጮች ሐኪም በቀዶ ሕክምና አወጣለት። እንደዚህ ዓይነት እባጮች ሩማቶይድ አርትራይተስ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ከቆዳ ሥር ይወጣሉ፤ በሽታው መላ ሰውነትን የሚነካ መሆኑንም ያሳያሉ።

መጀመሪያ በአንድ ምርኩዝ፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች ይሄድ ነበር። በ1912 እጅና እግሩን ያደከመ ሌላ ከባድ ሕመም ሲጨመርበት ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ 71 ዓመቱ ነበር።

በዘመኑ የነበረው ሕክምና

ሬንዋር ሕክምና ያልፈለገ ሰው አልነበረም። ችግሩ የሚያድን ቀርቶ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት በዓለም ላይ አለመኖሩ ነው። ሐኪሞች አንቲፓይሪን የተባለ ማስታገሻ ሰጡት፤ ሆድ የሚያጸዳ መድኃኒትም ያዝዙለት ነበር። አስፕሪን ለገበያ የቀረበው በ1899 ነው። እነዚህ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓታት ይቀንሱ ነበር እንጂ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚካሄደውን ጥፋት አያስቆሙም።

እንደ ዘመኑ ልማድ ቡርቦን ሌ ባን ወደሚባለው ፍል ውሃም ሄዷል። ፍል ውሃ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ሙቀቱ ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመምንም ለጊዜው ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ተከላካይ ሥርዓቱ የሚያደርሰውን ጥቃት አያቆመውም። ሰው በፍል ውሃ ወይም በሌላ ባህላዊ መንገድ ቢጽናና የሚነቅፈው የለም፤ ጉዳት የሚመጣው ይህንን በመድኃኒት ምትክ ሲያደርገው ነው።

ቅዝቃዜው ሕመሙን ስለሚያብስበት ሬንዋር ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብርዱን የሚያሳልፈው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ነበር። በ1907 ካኝ ሱር ሜር አጠገብ ሌ ኮሌት የተባለ፣ ያረጁ የወይራ ዛፎች ያሉበትን መሬት ገዛ፤ ዛፎቹ ሊቆረጡ መሆኑን ሰምቶ ስለነበር እነሱን ለማዳንም ጭምር ነው የገዛው። እዚያ ቤት ሠርቶ ኖረ፤ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሞቃት አየር ለብዙ ታማሚዎች ምቾት ይሰጣል። የእሱ ሕመም ግን በሞቃቱ አገርም መክፋቱን አላቆመም።

በራሱ የሚያደርገው አንድ ጥሩ ነገር ነበር፤ እሱም እንቅስቃሴ ነው። እጆቹ እንዳይደርቁ ጠዋት ጠዋት ትንንሽ ኳሶችን ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልብ ነበር። ቢሊያርድም ይጫወት ነበር። ኳሶቹን መያዝ ሲያቅተው እንጨት እየወረወረ መቅለብ ያዘ። የዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም መገጣጠሚያ በልክ ሲንቀሳቀስ እንደሚጠቀም ያስተምራሉ።

አንድ ነገር ግን አልተወም፤ ሲጋራ። በ1915 በተቀረጸ አጭር ፊልም ላይ ሲሥል ሲጋራው ከአፉ አይለይም። ማጨስ በሩማቶይድ አርትራይተስ የመያዝን ዕድል እንደሚጨምር፣ በሽታውንም እንደሚያከፋና መድኃኒት በደንብ እንዳይሠራ እንደሚያደርግ ዛሬ ይታወቃል። በእሱ ዘመን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ቤቱና ቤተሰቡ እንዴት ረዱት

ብሩሹ ከእጁ ጋር ይታሰርለት ነበር የሚል ወሬ በብዙ ቦታ ይነገራል። እውነቱ ትንሽ ይለያል። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ጥፍሩ መዳፉን ስለሚያቆስለው፣ ቆዳው እንዳይላጥ ፓውደር ነስንሰው መዳፉን በንጹሕ ፋሻ ይጠቀልሉለት ነበር። ከዚያ አጠገቡ ያለ ሰው ብሩሹን በጣቶቹ መካከል ያስገባለታል። በ1915ቱ ፊልም ላይ ትንሹ ልጁ ክሎድ ከጎኑ ሆኖ ሲያግዘው ይታያል። መቆንጠጥ ቢያቅተውም መጨበጥ ይችል ነበር፤ ክንዱንም ያንቀሳቅስ ነበር። በዚያው ይሥላል።

ሌላውም ነገር ለእሱ እንዲመች ተደርጎ ነበር። ቀለም የሚደባልቅበት ሰሌዳ ከወንበሩ ጋር እንዲደገፍ ተደረገ። ትከሻው ስለማይነሣ ትልቅ ሥዕል መሣል ሲያቅተው፣ ሸራውን በሁለት ጥቅል እንጨቶች ላይ ጠቅልለው በመዘውር ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሱት መሣሪያ ተሠራለት። እጁ ወደ ሸራው መድረስ ሲያቅተው ሸራው ወደ እጁ መጣ። በግቢው ውስጥ፣ ከወይራ ዛፎቹ መካከል፣ ብርሃን የሚያስገባ የመስተዋት ክፍልም ተሠራለት።

ሚስቱ አሊን ቤቱን አስተዳደረች። የልጆቹ ሞግዚት የነበረችው ጋብርኤል ረናር በብዙ ሥዕሎቹ ላይ አለች፤ ለዓመታትም እጁን በፋሻ በመጠቅለልና በማገዝ ረድታዋለች። ሌሎች የቤቱ ሠራተኞች ደግሞ በወንበር ተሸክመው ወደ ግቢው ያወጡት ነበር።

በዚህ ውስጥ ለቤተሰብ ትልቅ ትምህርት አለ። እነዚህ ሰዎች አረፍ በል፣ ሥዕሉ ይቅር አላሉትም። ሥራውንም አልሠሩለትም። እሱ ራሱ እንዲሠራው አካባቢውን አስተካከሉለት። በእያንዳንዱ ቤት ይህንን ማድረግ ይቻላል። ሰፊ እጀታ ያለው ማንኪያና ቢላ፣ በክንድ የሚከፈት የውሃ ቧንቧ፣ ዝቅ ካለ ዱካ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ቀለል ያለ ጀበና፣ ከቁልፍ ይልቅ ዚፕ ያለው ልብስ ብዙ ያግዛሉ። እናትዎ እንጀራ መጋገር ከወደዱ ከምጣዱ እንዲርቁ ከማድረግ ይልቅ ምጣዱን በቁመታቸው ልክ ከፍ ማድረግ፣ ሊጡን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያቦካ ማድረግ ይሻላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1912 አንድ የቪየና ሐኪም ሬንዋርን እንደገና ለማስኬድ ሞክሮ እንደነበር ይነገራል። ለጥቂት ሳምንታት የሚያጠነክር ምግብ እየበላ ከቆየ በኋላ ሐኪሙ ደግፎ አስነሣው። ሬንዋርም በመከራ ጥቂት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ግን ወደ ወንበሩ ተመልሶ መሄዱን እንደሚተወው ነገረው። ለመራመድ ያለውን ጉልበት ሁሉ መጨረስ ነበረበት፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለበት ደግሞ ጉልበቱን ለሥዕል ማትረፍ ፈለገ።

ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው በየቀኑ ያለውን አነስተኛ ጉልበት ለምን እንደሚያውለው ይመርጣል። አንዳንዱ ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመድረስ፣ ሌላው ሱቁን ለመክፈት ይቆጥበዋል። ቤተሰብ ምርጫውን ጠይቆ ቢያከብርለት መልካም ነው።

ከ1913 ጀምሮ ሬንዋር ቅርጽም ሠራ። ጭቃውን በራሱ እጅ ማበጀት ስለማይችል ሪሻር ጊኖ የተባለ ወጣት ቀራፂ አብሮት ሠራ። ሬንዋር በቃልና በምልክት እየመራ፣ ጊኖ በእጁ እየቀረጸ በርካታ ሥራዎች ወጡ።

ኀዘንም አልቀረለትም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹ ፒየርና ዣን ዘምተው ክፉኛ ቆሰሉ። የስኳር ሕመም የነበረባት ሚስቱ አሊን ቁስለኛውን ዣንን ጠይቃ ከተመለሰች በኋላ በ1915 አረፈች። ሬንዋር በኀዘኑም መካከል በየቀኑ ወደ መስተዋት ክፍሉ እየተወሰደ ሠራ።

በ1918 እና በ1919 የሠራው በገላ መታጠቢያ ስፍራ ያሉ ሴቶችን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ። ወርዱ 160፣ ቁመቱ 110 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጆቹ ከሞተ በኋላ ለፈረንሳይ መንግሥት የሰጡት ሲሆን ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ሥዕሉን የሚያየው ሰው በደረቀ ትከሻና በታጠፉ ጣቶች የተሠራ መሆኑን ከሥዕሉ አይረዳም።

በ1919 ሬንዋር በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሉቭር ሙዚየም ተወሰደ። በወጣትነቱ የታላላቆቹን ሥራ እየተመለከተ በተማረበት ቤት የራሱን ሥዕል ተሰቅሎ አየ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 3 ቀን በካኝ በሚገኘው ቤቱ በ78 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ በኤሶዋ ነው።

ሬንዋር ዛሬ ቢታመም ኖሮ

እሱ ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ለአንዲት የሩማቶይድ አርትራይተስ ታማሚ ኮርቲዞን ሰጥቶ ከአልጋ ስትነሣ አየ። ይህ ሥራ በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። ቆይቶ ግን ኮርቲዞንና መሰሎቹ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን ሲወሰዱ አጥንትን እንደሚያሳሱ፣ ስኳርንና የደም ግፊትን እንደሚጨምሩ ታወቀ። ስለዚህ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት ዛሬ የሚታዘዙት በአነስተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው አይውሰዱ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ከቆዩም በድንገት አያቋርጡ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሜቶትሬክሴት ነው። አሜሪካ ለዚህ በሽታ እንዲውል የፈቀደችው በ1988 ነው። ዛሬ የሕክምናው መጀመሪያ እሱ ነው። ሕመሙን ከማስታገስ አልፎ የመገጣጠሚያውን መበላሸት ያዘገያል፤ ብዙ ጊዜም ያቆማል። ስለ አወሳሰዱ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፤ ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ቀኑን በወረቀት ላይ ጽፈው በቤት ውስጥ ይለጥፉት። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት አትወስደውም። በየጊዜው የደምና የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል።

ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን የተባሉትም በተለያየ ሁኔታ ይታዘዛሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ባዮሎጂክ የተባሉ፣ ብግነቱን የሚያስነሣውን የተወሰነ ንጥረ ነገር ለይተው የሚያግዱ መድኃኒቶች መጥተዋል። ዋጋቸው ውድ ነው። የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ከመጀመራቸው በፊት የሳንባ ነቀርሳና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረጋል። ለተበላሸ ጉልበትና ዳሌ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት ይቻላል፤ የተበጠሰ ጅማትም ሊጠገን ይችላል።

ምርመራውም ተሻሽሏል። ሬንዋር ሲታመም ራጅ ገና አልተገኘም ነበር፤ የተገኘው በ1895 ነው። ዛሬ ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቹን በእጁ ዳስሶ፣ ሩማቶይድ ፋክተርና ፀረ ሲሲፒ የተባሉትን የደም ምርመራዎች አዝዞ፣ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ አይቶ ይወስናል። አንድ የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ውጤቱ ነጻ ሆኖ በሽታው ያለበት ሰው አለ፤ ውጤቱ ታይቶበት በሽታው የሌለበትም አለ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጊዜ ነው። ሕክምናው ምልክቱ በታየ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ፣ በብዙ ታማሚዎች ላይ ብግነቱ ጸጥ ይላል፤ ጣቶቹም ሳይቆለመሙ ይቆያሉ። አንዴ የታጠፈ ጣት ግን በመድኃኒት አይቃናም። በሬንዋር ፎቶግራፎች ላይ የምናያቸው እጆች ሕክምና ያላገኘ በሽታ የሚያደርሰውን ያሳያሉ፤ ዛሬ በጊዜ ለሚታከም ሰው የማይቀሩ ዕጣ አይደሉም።

ወደ ሐኪም መቼ መሄድ ይገባል?

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ አይዘግዩ።

• አንድ ወይም ከዚያ በላይ መገጣጠሚያ አብጦ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ

• ጠዋት ሲነሡ እጅዎ ተሳስሮ ለመፍታታት ከግማሽ ሰዓት በላይ ከወሰደ

• ሰው ሲጨብጥዎ የጣቶችዎን ሥር ካመመዎ፣ ወይም ቀለበት መጥበብ ከጀመረ

• ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ድካም፣ መክሳት ወይም ቀላል ትኩሳት ካለ

• አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የትኞቹ መገጣጠሚያዎች እንዳበጡ፣ የጠዋቱ መተሳሰር ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ እስካሁን ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ጽፈው ይያዙ። እብጠቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ባበጠበት ቀን በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። የሬንዋርን በሽታ ከመቶ ዓመት በኋላ ለይቶ ለማወቅ ያስቻሉት ፎቶግራፎች ናቸው፤ የእርስዎን ደግሞ ሐኪምዎ ዛሬውኑ ሊያየው ይችላል።